ሦስት ቤት የሚጠራው ስልክ

ይድረስ ለልጄ ለዱረቲ። ኢንተለ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ በምትገቢበት ሁሉ ጌታ ቀድሞሽ ይግባ። እኛ ደህና ነን፤ በቆሎውም ደርሷል።

ያ በኢንተርኔት ያወጣሽልን ቁጥር ላይ ስትደውዪ እኔም ጋ፣ ዲጋ ያለው ወንድምሽ ቀነአ ጋም፣ አኖ ያለችው አክስትሽ ጋም እኩል ይጠራል። እሁድ ስትደውዪ ሁለቱም "እናት እያለች እንዴት እንቀድማለን?" ብለው ተዉት። እኔ ደግሞ ድምፁን አጥፍቼ ቸርች ነበርኩ። ስወጣ አራት ጥሪ አየሁ። ሰኞ በስልክ ሳገኝሽ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምን መስሎሽ እንደዋልሽ ሳስበው ልቤ አላርፍ አለ። ይኸው ጎመን ስቀነጥስ እንኳ ስልኩ ጭኔ ላይ ነው።

አሁን የሰማ ሁሉ ያንሳ ብያለሁ። ሌላ ሰው ቢያነሳው እናቴ ምን ሆነች ብለሽ እንዳትደነግጪ። ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው። ብቻ እነሱን ካናገርሽ በኋላ መልሰሽ ደውዪ፤ ያኔ እነሱ ለእኔ ይተዉታል፤ ማንም አይቀድመኝም።

እናትሽ