በፍንጃል የተመረጠው ጓርኒሲዮን

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7
የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረድኩ። ፒስቶኖቹ ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ምሳ ዓሣ በሩዝ… ቀዝቅዞብኝ በላሁት።

ከክዳኑ ሥር ከሚነጠፉት ሁለቱን ጓርኒሲዮኖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ወፍራሙ ሁለት ሚሊ፣ ቀጭኑ አንድ ነጥብ ሁለት። ከቴስታታው ሥር ቀጭኑ ከገባ እመቃው፣ ኮምፕሬሽኑ፣ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል፣ ወፍራሙ ከገባ ዘጠኝ። ቱርቦው አየር አፍኖ ስለሚያስገባ ዘጠኝ ይበቃኛል። ከመጠን በላይ ከታመቀ ቤንዚኑ የካንዴላውን እሳት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል፣ ፒስቶን ይበላል። ወፍራሙ ይገባል። አለቀ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9
ያዕሩብ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ በአሸዋ ተራራ መውጣት ውድድሩ የሚነዳውም እሱ ነው፤ ወፍራሙን ሲያይ ግን ጠላቱን ያየ መሰለ።

"ከአሸዋው ሥር ስነሳ ይተኛብኛል። ቱርቦው እስኪነቃ ሰው ይስቅብኛል።"

አልዋሸም፣ አነሳሱ ትንሽ ይሰንፋል። "አናቱ ላይ ግን ትደርሳለህ" አልኩት።

"የኢብራ ከተማ ልጆች ቀጭን ነው የሚያስገቡት።"

የእነሱን ሞተር ከፍቶ አይቷል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! ሞተሩ አቀበቱ መሀል ላይ ከጠፋ መኪናው ይዞራል፣ ከዞረ ደግሞ ይንከባለላል። ስንቴ ልንገረው? ጆሮ ዳባ ልበስ። በሩን ደርግሞ ወጣ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 10
ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቴ ሙሰለም አምስት ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ መጡ። ከኋላቸው ያዕሩብ… መሬት መሬት እያየ። ያኔ ነው የገባኝ።

ቴምር አቀረብኩ፣ ቡና ቀዳሁ። አጎቴ ፍንጃሉን ተቀበሉና ሳይቀምሱት ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት።

"ጉዳይ አለኝ። እሺ ካላልከኝ አልጠጣም።"

አባታችን በሕይወት ሳለ በዚህ ፍንጃል ደም ታርቋል፣ ልጅ ተድሯል። ለጓርኒሲዮን?!

"ልጁን አታሳፍርብኝ። ቀጭኑን አስገባለት።"

"አጎቴ፣ እርስዎ ስለ ሞተር…"

"ለአንዲት ጥፍር ውፍረት ነው እንዲህ የምትሆነው? ቡናው እየቀዘቀዘ ነው፣ የወንድሜ ልጅ።"

ሁሉም አፍጥጠው ያዩኛል። ሳይጠጡ ከቤቴ ቢወጡ እዚህ ከተማችን ቢዲያ ውስጥ በየት በኩል እሄዳለሁ? "ሆኗል፣ ይጠጡ" አልኩ። ጠጡ። ያዕሩብ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳትም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12
ደሜ እንደፈላ ነው። ቀጭኑን አስገባሁ። ብሎኖቹን ሳጠብቅ ቆጠራው እየጠፋብኝ ደጋግሜ ጀመርኩ።

ቃል ቃል ነው። ግን ቃል የሰጠሁት ለጓርኒሲዮኑ ነው… ለቱርቦው ግፊት ማን ቃል ሰጠ? ግፊቱን ቀነስኩት። ተደብቄም አይደለም፤ ያዕሩብን ጠርቼ አሳየሁት።

"ይህችን የግፊት ማዞሪያ እንዳትነካ። ከዚህ ካለፈች ሞተሩ ይሰበራል።"

"እሺ" አለ። ዓይኑ ስልኩ ላይ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16
ሞከርነው። አነሳሱ ጥሩ ነው… በጣም ጥሩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ወደ አናቱ ሲጠጋ ግን ትንፋሽ አጠረው፣ ለጥቂት ደረሰ። ያዕሩብ ማዞሪያዋን ያያታል። አስተያየቱ አልጣመኝም።

አርብ፣ ታኅሣሥ 17
ነካት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ውድድሩ ሊጀመር ነው፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጎማ አስተነፍሳለሁ። የኢብራ ልጆች ከወዲያ ማዶ ይጮሃሉ፦ "ያዕሩብ! ወንድምህ ለሙሽራ ማጀቢያ ነው የሠራልህ?" ያኔ ነው ማዞሪያዋን የጠመዘዛት። እኔ ከሥር፣ እሱ ከውስጥ።

ወጣ። ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ግን ድምፁን ሰማሁት፣ ጠጠር በጣሳ ውስጥ ሲናጥ ዓይነት። "አቁም!" ብዬ ጮኽኩ። ማን ሊሰማኝ? አናቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነጭ ጭስ… ከዚያ ጸጥ። መኪናው ዞረ። ተንከባለለ።

እየሮጥኩ ወጣሁ፣ አሸዋው ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ሞቷል ብያለሁ። ቀበቶውን ስቆርጥለት ዓይኑን ገለጠና፣ "ወፍራሙ ይሻል ነበር?" አይለኝም! በጥፊ ላጮለው እጄን አነሳሁ… አቅፌው አለቀስኩ።

ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ነፍሱ ተርፋለች።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22
ሞተሩን ከፈትኩ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፣ አንዱ ፒስቶን ጠርዙ ተበልቷል። እንዳልኩት። እንዳልኩት መሆኑም አላስደሰተኝም።

አጎቴ አልመጡም፣ አልደወሉም። አምስቱ ሽማግሌዎችስ? ቡና ሲሆን ተሰልፈው ይመጣሉ!

አርብ፣ ጥር 1
ዛሬ እኔ አጎቴ ቤት ሄድኩ። እንግዳ ሆኜ። ነገሩን በልቤ ጨርሼ ነው የወጣሁት፦ ፍንጃሉን አስቀምጣለሁ፣ "ያዕሩብ ከእንግዲህ አሸዋ ላይ እንዳይነዳ" እላለሁ። እምቢ ማለት አይችሉም። እስቲ እነሱም ይቅመሷት!

አምስቱም ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ያዕሩብም አለ። ቡና መቅዳት የታናሽ ሥራ ነው፣ ያዕሩብ ተነሳ። ጀበናውን በግራ ያዘ። ፍንጃል የሚያቀብለው ቀኝ እጁ ግን አንገቱ ላይ ታስሯል። እንደቆመ ቀረ።

አጎቴ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ሰው "ተው፣ ይቀመጡ" ቢላቸውም አልሰሙም። ጀበናውን ተቀብለው ቀዱ፣ በእጃቸው ሰጡኝ። ለወንድማቸው ልጅ! 

ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት።

"ጉዳይህን ተናገር" አሉ፣ እንደቆሙ።

ያዕሩብ አየኝ። ምን እንደምል ያውቃል። ዓይኑ አባታችን የተቀበረ ዕለት የነበረውን መሰለ። ያሰብኩት ከአፌ አልወጣ አለ።

"ስለ ሞተር ከእንግዲህ ማንም ፍንጃል አያስቀምጥብኝ። እርስዎም ቢሆኑ።"

"ሆኗል" አሉ። "ጠጣ፣ የወንድሜ ልጅ።"

ቀዝቅዟል። ጠጣሁት።

ያዕሩብ እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ከኪሱ የሆነ ነገር አወጣ… ማዞሪያዋ! ከተሰባበረው መኪና ነቅሏታል። በግራ እጁ ዘረጋልኝ። እኛ ዘንድ በግራ መስጠት ነውር ነው።

ተቀበልኳት። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም።