ለእሑድ ቁርባን ሲሰናዱ ሐሙስ የተለዩን የአቶ ዓባይነህ ቸኮል የሕይወት ታሪክ (1950–2017 ዓ.ም.)

አቶ ዓባይነህ ቸኮል ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል ይማም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታዬ ገበየሁ፣ በቀድሞው ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በቦረና አውራጃ፣ ወግዲ ውስጥ ልዩ ስሙ ዝግባ ማርያም በተባለው ቦታ፣ ጥር 21 ቀን 1950 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ተወለዱ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት የታናሽ ወንድማቸው የአቶ አወቀ ቸኮል ልጅ ሰብሌ ነኝ። የተጻፈው ከትናንት ከሰዓት በኋላ እስከ ዛሬ ረፋድ ባለው ጊዜ ስለሆነ የጎደለ ነገር ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትናንት ሐሙስ ቁርስ አብረውን የበሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ዓርብ «ነበሩ» ብዬ መጻፍ አልሆንልኝ ብሎ ብዙ ቦታ «ናቸው» እያልኩ ጽፌ ሰርዣለሁ። ሳላየው ያለፍኩት ካለ እንደዚያው ይነበብ።

አቶ ዓባይነህ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በዝግባ ማርያም ከየኔታ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም ወግዲ እስከ ስድስተኛ ክፍል፣ መካነ ሰላም ደግሞ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው በድንገት በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው እናታቸውን ለመርዳት ሥራ ፈለጉ። በ1971 ዓ.ም. ወደ መካነ ሰላም የውኃ መስመር ሲዘረጋ በቀን ሠራተኛነት ተቀጥረው ቦይ ቆፈሩ። ቆፋሪው ሁሉ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲበተን እሳቸው ግን ቀርተው፣ ቧንቧ የሚገጥመውን ባለሙያ «አንድ ጊዜ ላጥብቃት?» እያሉ መፍቻ በመቀበል ሙያውን ለመዱ። በ1974 ዓ.ም. በቋሚነት ተቀጠሩ። ከዚያ በኋላ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለሠላሳ ስድስት ዓመታት የዚህችን ከተማ ቧንቧ ጠገኑ።

እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ ደጁን ያልቆፈሩበት ሰው ያለ አይመስለኝም። ውኃ ጠፍቶ ሰው ሲያማርር፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው ግራ ጆሯቸውን መሬት ላይ ለጥፈው ያዳምጡ ነበር። ፊታቸውን ጭቃ በጭቃ አድርገው ይነሡና «እዚህ ጋ ታለቅሳለች፣ ቆፍሩ» ይላሉ። ሲቆፈር ቧንቧው እዚያው ተቀድዶ ይገኛል። ያ ግራ ጆሮ በስተርጅና መስማት አቆመ። እሳቸው ግን በዚህ አላዘኑም። «ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ላይ በግራ በኩል ተናጋሪ ይቀመጥ» ይሉ ነበር።

ጥር 1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይርገዱ መኮንን ጋር በባህላዊ ሥርዓት ተጋብተው በ1981 ዓ.ም. ወይዘሮ ብርሀንነሽን፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ገበየሁን ወለዱ። ሁለቱንም አስተምረው ለወግ ማዕረግ አብቅተዋል። ትዳራቸው ጭቅጭቅ አልነበረበትም ብል ወይዘሮ ይርገዱ ራሳቸው ያርሙኛል። ዋናው ጭቅጭቅ ሻይ ነበር። አቶ ዓባይነህ ቤት ውስጥ ሻይ እየተፈላ ዘወትር ጠዋት ወደ ጎረቤታችን ወደ አቶ አሕመድኑር ሻይ ቤት ይሄዳሉ።

«የእኔ ሻይ ምን ጎደለው?» ይላሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«ያንቺ ሻይ ምንም አልጎደለውም፣ ወሬ ነው የሌለበት» ይላሉ እሳቸው ኮታቸውን እየደረቡ።

ሲመለሱ ግን የሰሙትን ወሬ አንድም ሳያስቀሩ ለባለቤታቸው ይነግራሉ። ወይዘሮ ይርገዱም ምሳውን እያቀረቡ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ።

ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ወር የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው እንደ ልማዳቸው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ይሄዱና ከመሥሪያ ቤቱ በር ደርሰው ይመለሱ ነበር። ዘበኛው ሰላም ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ላይህ ነው የመጣሁት» ይሉታል። በዚያው ዓመት ጓሮ ድንችና ነጭ ሽንኩርት መትከል ጀመሩ፤ ድንቹን በረዶ መታው። በ2011 ዓ.ም. በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከአንድ መምህር ያገለገለ ብስክሌት ገዝተው መንዳት ሊማሩ ተነሡ። አቶ አሕመድኑር ከኋላ ደግፈው እየሮጡ፣ ሲደክማቸው ለቀቁት። አቶ ዓባይነህ ከነብስክሌቱ ቦይ ውስጥ ገብተው ክንዳቸው ተሰበረ።

ወይዘሮ ይርገዱ «በዚህ ዕድሜህ ወድቀህ የሰው መሳቂያ አደረግኸኝ!» ሲሏቸው፣ «አልወደቅሁም፤ ሳላቆማት ወርጄ ነው» ብለው መለሱ። ክንዳቸው ሲድን ግን ለመዱ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ብስክሌታቸውን እየነዱ ሲያልፉ ተማሪዎች ያጨበጭቡላቸው ነበር። እሳቸውም እጅ ለመንሳት አንድ እጃቸውን ስለሚለቁ እኛ ዓይናችንን እንጨፍናለን።

በዚሁ ዓመት እኔ መምህር ሆኜ ወደ መካነ ሰላም ተመደብኩ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ነገር እዚህ የተቀመጠው አባቴ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ነሐሴ 2008 ዓ.ም. አያቴ ወይዘሮ አልታዬ ወግዲ አባቴ ቤት ታመሙ። አባቴ ይድናሉ ብሎ ለወንድሙ ቶሎ አልላከም። በሦስተኛው ቀን ሲደውል አቶ ዓባይነህ ወዲያው ተነሡ፤ መኪናው ግን ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ቀሪውን መንገድ በዝናብ በእግራቸው ተጓዙ። ሲደርሱ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ እጁን እየታጠበ ነበር። አቶ ዓባይነህ ድንኳኑ ውስጥ አልገቡም። አባቴን ከሩቅ አይተው «ለእናቴ አፈር እንኳ እንዳላለብሳት ከለከልከኝ» ብለው ከመቃብሩ ደርሰው በመጡበት ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ አልተነጋገሩም።

እኔ ተመድቤ ስመጣ ቤታቸው መሄድ ፈርቼ ቤት ልከራይ ስፈልግ ሰሙ። በብስክሌት መጥተው ሻንጣዬን ኋላ ላይ አሰሩና «የተጣላሁት ከአባትሽ ጋር ነው፤ ከአንቺ ጋር መቼ ተጣላሁ?» አሉኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በቤታቸው ልጃቸው ሆኜ ኖርኩ። የአባቴን ስም ግን አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። እኔ ከአባቴ ጋር በስልክ ሳወራ እሳቸው ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ወይዘሮ ይርገዱ ከባለቤታቸው ጋር ሥጋ ወደሙ ተቀብለው በቁርባን መወሰን የረጅም ጊዜ ምኞታቸው ነበር። የንስሐ አባታቸው «መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ» ስለሚሉ አቶ ዓባይነህ በየዓመቱ «ለከርሞ» ይሉ ነበር። ዘንድሮ የስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ውለው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆመው «ይርጌ፣ ለከርሞ የሚባለው አልቆብኛል። መንገዱ ደህና ነው ሲባል ወግዲ እንሄዳለን» አሉ። ወይዘሮ ይርገዱ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው የዕለቱ ሐዘን ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ ከእኔ ጋር ሦስታችን ወግዲ ሄድን። አባቴ አጥር እያጠረ ነበር። ወንድሙን ሲያይ መጥረቢያውን ጥሎ ቆመ፤ መቅረብም መሸሽም አቃተው። አቶ ዓባይነህም ሰላም ሳይሉ፣

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እናቴ ጠርታኝ ነበር?» አሉ።

አባቴ «ጠርታሃለች፣ ጋሼ» አለ። «ዓይኗ አያይም ነበር። ‹ዓባይነህ መጣ?› አለች። አልመጣም ብላት ሳታርፍ ልትሞት ሆነ። ‹መጣ› አልኳት። እጇን ዘረጋች፤ እጄን ሰጠኋት። አንተ መስያት ‹ልጄ፣ ዝናቡ አበሰበሰህ› አለችኝ። እንደያዘችኝ ሄደች። ይኼን ይዤ በምን ዓይኔ ልይህ?»

እኔ ይህን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከቤት የወጣችው እናቴም አልሰማችም። አቶ ዓባይነህ ወደ አባቴ ተጠግተው «በየትኛው እጅህ?» አሉ። አባቴ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አቶ ዓባይነህ ያንን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸው ላይ አደረጉት፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ያን ዕለት ወግዲ አደርን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አቶ ዓባይነህ ወንድማቸውን በሚሰማው በቀኝ ጆሯቸው በኩል አስቀመጡት።

ከወግዲ ስንመለስ የንስሐ አባታቸው ቁርባኑን ለእሑድ ግንቦት 10 ቀን ቆረጡላቸው። አቶ ዓባይነህ ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሻይ ቤት ተቀምጠው «አሕመድኑር፣ ከቁርባኑ በፊት አሥራ ስምንት ሰዓት ያለ ሻይ እንዴት ይሆናል?» ሲሉ፣ አቶ አሕመድኑር «አብሽር! እኛ ወሩን ሙሉ ስንጾም ማን ሞተ?» ብለው አሳቋቸው።

ከዚህ ቀጥሎ በሕይወት ታሪክ ደንብ የሚጻፈው ስለ ሕመማቸውና ስለ ተደረገላቸው ሕክምና ነው። እኛ የምንጽፈው የለንም። አልታመሙም። ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት አብረን ቁርስ በላን፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እሳቸው ሻይ ቤት ደርሰው ተመለሱ። ወይዘሮ ይርገዱ ግቢ ውስጥ ለእሑድ የሚለበሰውን ነጭ ጋቢ እያጠቡ ነበርና ቧንቧው አልዘጋ ብሎ ሲያንጠባጥብ አቶ ዓባይነህ መፍቻቸውን አምጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጎማውን ቀይረው «አሁንስ?» አሉ። ወይዘሮ ይርገዱ «አሁን ቆሟል» አሏቸው። ሌላ ነገር ሲጠይቋቸው መልስ አጡ። በደንቆሮው ጆሯቸው በኩል ስለሆንኩ ነው ብለው ዞረው በቀኝ በኩል ጠሯቸው። መፍቻው እጃቸው ላይ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

አቶ አሕመድኑር ጩኸቱን ሰምተው ሮጠው መጡ። በባጃጅ ሐኪም ቤት ቢወሰዱም ሐኪሞቹ አይተው ቀድመው ማረፋቸውን ነገሩን። አቶ አሕመድኑር «ያ ረቢ! የጠጣበት ብርጭቆ ገና አልታጠበም እኮ!» እያሉ የሐኪም ቤቱን ሰው ሁሉ ሊያስረዱ ይሞክሩ ነበር። አንድ ሰው የተሳሳተ ይመስላቸው ነበር። እኛም እስከዚህ ሰዓት ድረስ ተሳስተው ይሆናል የሚል ሐሳብ ከውስጣችን አልወጣም።

ወይዘሮ ይርገዱ መጀመሪያ የተናገሩት «አወቀ ሳይደርስ ከዚህ ቤት አይወጣም» የሚል ነው። ስለዚህ የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ለዛሬ ዓርብ ግንቦት 8 ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አባቴ ዛሬ ረፋድ ላይ ደርሷል።

አቶ ዓባይነህ ቸኮል በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይርገዱ መኮንንን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ ብርሀንነሽንና አቶ ገበየሁን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን አቶ አወቀ ቸኮልን እና ልጃቸው አድርገው ያኖሩኝን እኔን ትተው ሄደዋል። የመርዶውን ድንጋጤ አብራችሁን ለተሸከማችሁ እድርተኞች፣ ድንኳን ለተከላችሁ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች፣ ከወግዲና ከደጎሎ ድረስ ለመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች እግዚአብሔር ብድራታችሁን ይክፈል።

ትናንት ማታ የንስሐ አባታቸው ሊያጽናኑ ሲመጡ ወይዘሮ ይርገዱ «አባ፣ እንግዲህ እሑድ ቀረ?» ብለው ጠይቀዋቸዋል። እሳቸውም «እሱ ንስሐውን ፈጽሞ፣ ታርቆ፣ ተሰናድቶ ነው የሄደው። አንቺም ነይ» አሏቸው። ወይዘሮ ይርገዱ «እሺ» ብለዋል። ከነገ ወዲያ ብቻቸውን ይቆርባሉ።

ቸሩ አምላካችን በስቅለቱ ዕለት ልባቸውን እንዳራራላቸው፣ ነፍሳቸውንም በምሕረቱ ይቀበልልን። ከእናታቸው ከወይዘሮ አልታዬና ከአባታቸው ከአቶ ቸኮል ጋር በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ እቅፍ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ይርገዱ ብርታቱን፣ ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።