የጥፍር ቀለሙ መስመር

ጃንዋሪ 11

ከዜሮ በታች ሠላሳ። የመኪናው ጎማ ረግቦ አደረ፤ ነፋሁት። አየሩ እኮ የትም አልሄደም። ሞለኪውሎቹ ሲቀዘቅዙ ዝግ ይላሉ፣ የጎማውን ግድግዳ የሚመቱት በደከመ ጉልበት ነው። ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ አስተማርኩት... ማን ያስታውሰዋል?

ሎርን ደወለ። ወንድሜ ሳንባው ካለቀ ወዲህ ቤት ውስጥ በማሽን፣ ውጭ በብረት የኦክስጅን ጠርሙስ ነው የሚተነፍሰው።

"ቅዳሜ ሐይቁ ላይ እንወጣለን። በረዶውን በስተን ፒክረል ዓሣ እናጠምዳለን። የመጨረሻዬ ነው። ደግሞ መጽሐፍ ይዘህ እንዳትመጣ!"

ጃንዋሪ 13

ሎርን ቤት ነበርኩ። ሚስቱ ሲግሪድ የጠርሙሱ የግፊት መለኪያ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አስምራለች። "መርፌው ከዚህ በታች ከሆነ ንቅንቅ የለም።"

ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብሏል። ይበቃል። ግን መስመሩ የተሰመረው ሞቃት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ብርድ ላይ መርፌው ይወርዳል አልኳቸው።

"ደወሉ ተደውሏል፣ መምህር። ክፍል አልቋል" አለ ሎርን። ተሳሳቁ።

ጃንዋሪ 14፣ ቅዳሜ

ሎርን ከጉጉቱ ብዛት ዕቃውን ሁሉ፣ ጠርሙሱንም ጭምር፣ ማታውኑ መኪናው ላይ ጭኖ አሳደረው። ጠዋት መርፌው ከመስመሩ በታች።

"ያፈሳል!" አለች ሲግሪድ።

"አያፈስም። ጠርሙሱ ያው፣ ጋዙም ያው። ሙቀቱ ሲወርድ ግፊቱ አብሮ ይወርዳል። ወጥ ቤት አስገቢውና ጠብቂ፤ ይመለሳል።"

"የሚያፈስ ኦክስጅን ምድጃዬ አጠገብ? አብደሃል እንዴ?"

ወደ ሎርን ዞርኩ። ቦት ጫማውን አስሮ ጨርሷል። መርፌውን አየ... እኔን አየ...

"ዕድሜ ልክህን ስታስተምረኝ አንድ ቀን ገብቶኝ አያውቅም" አለና ጫማውን መፍታት ጀመረ።

ጠርሙሱ ቀዝቃዛው የጓሮ መጋዘን ገባ። መርፌውን አመነ። እኔን አይደለም።

ጃንዋሪ 17

ነፋስና በረዶ። መንገዱ ተዘግቷል። ሎርን ስልክ አላነሳም።

ጃንዋሪ 20

ሎርን አረፈ። አልጋው ላይ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ።

ጃንዋሪ 25

ትናንት ሸኘነው። የኦክስጅን ሰዎች ጠርሙሱን ሊወስዱ ስለሆነ ሲግሪድ ከመጋዘን አምጣልኝ አለች። ወጥ ቤት አስገባሁት። ስለ ምድጃው ምንም አላለች። ከቀብሩ የተረፈውን ሳንድዊች በላን።

ሳህን ልታነሳ ብድግ ስትል ዓይኗ መለኪያው ላይ ቀረ። መርፌው ከቀዩ መስመር በላይ።

"ማን ሞላው?" አለች።

ከሞለኪውሎቹ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ጥንቱ... ፊቷን አየሁት።

"አላውቅም" አልኳት።