የምድር ቤቱ ጣውላ

ወንድሜ፣

እማዬ ከሆስፒታል ስትወጣ በቀጥታ አክስታችን ቤት ወስጃታለሁ። እኔም እዚያው ነኝ። አትምጣ።

ነገ ሠራተኞቹ ሲመጡ የእማዬን ክፍል ጣውላ በሙሉ ያንሱት። ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ እስኪደርቅ ምንም እንዳይነካ። ከዚያ ሴራሚክ ይነጠፍበት፣ የማያንሸራትተው ዓይነት።

ሴራሚክ ሠሪው መጀመሪያውኑ ነግሮህ ነበር። «ጌታዬ፣ ምድር ቤት ከሥር እርጥበት ይስባል፤ እንጨት አይችለውም» ሲልህ፣ «አንተ ሥራህን ሥራ፣ ጣውላ ለዓይን ያምራል» አልከው። የእማዬ ዓይን ከደከመ ስንት ዓመቱ ነው? ለማን ዓይን ነው ያማረው?

ስትወድቅ የተሰበረው ዳሌዋ አልገጠመም። ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ሰው ድጋፍ አትራመድም ብሏል። ስልክህን ስላላነሳህ በወረቀት እየነገርኩህ ነው።

ሌላም አለ።

ጠልፎ የጣላት በሩ ጋ ያለው ጣውላ ማበጥ የጀመረው ከመውደቋ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። አይቼዋለሁ። በእግሬ ስጫነው መልሶ ተነሳ። ልነግርህ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጥቼ ተመለስኩ። ትንሽ ይባስበትና ሰው ፊት ይፈር ብዬ ዝም አልኩ።

ጩኸቷን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ድንጋጤ አልነበረም። «ረታሁት» ነው ያልኩት፣ በሆዴ። ከዚያ ነው የሮጥኩት።

አልጋዋንና ሳጥኗን ወስጃለሁ። የክፍሏ መጋረጃ ግን ለአንተ ይቅርልህ።

እማዬ እስካሁን የምትወቅሰው አንተን ብቻ ነው።

አላረምኳትም። አላርማትምም።