ከጄት ስኪዬ ላይ ስለጎደለው ክብደት

ለክቡር አቶ ጴጥሮስ
የወረዳችን ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ማኅተም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የማኅተሙን ጤንነት ለብቻው የምጠይቀው ሰሞኑን በእኔ ጉዳይ ብዙ ስለደከመ ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሱቄም ደህና ነው። ደህና ያልሆኑት በመጋዘናችሁ የታሰረው ጄት ስኪዬና በእሱ ጦስ ሥራቸውን ሊያጡ የደረሱት የመጋዘኑ ኃላፊ እትዬ ቦሰና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ የመጋረጃና የሶፋ ጨርቅ በጣቃ የማከፋፍል ነጋዴ ነኝ። አምና ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሳለሁ ሰው ቆሞ የሚነዳት፣ ጄት ስኪ የሚሏት አንዲት የውሃ ላይ ሞተር ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ጎኗ ተሰነጠቀ። ሌላው ሰው ነጂውን ሊያወጣ ሲሮጥ እኔ ስንጥቁን ሄጄ ዳሰስኩት። ጨርቅ ነበር። ሰውየው ደህና መሆኑን በኋላ ጠይቄያለሁ፤ በዚያች ሰዓት ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስሸጥ ኖሬ ጨርቅ ውሃ ላይ እንደሚጋልብ ማንም ሳይነግረኝ መቅረቱ ከምንም በላይ ቆጭቶኝ ነበር። የውሎዬን ማስታወሻ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ የዚያን ቀን የጻፍኩትን አስታውሳለሁ፤ «ይህን እኔም እሠራዋለሁ» የሚል ብቻ ነው።

ካርቦን ፋይበር የሚሉት ሽመናው እንደ ሰሌን የሆነ ጥቁር ጨርቅ ነው። ከዱባይ ከመጋረጃ ጣቃዎቼ ጋር አስመጣሁት። አማኑኤል ባለው ቤቴ ጓሮ ከጠንካራ ፎም ፎርማውን ቀርጬ፣ ስቱኮ ለብጬና ሰም ቀብቼ፣ ጨርቁን አንዱን በቁመት ሌላውን በሰያፍ እየደራረብኩ ሬዚን የሚሉትን የሚደርቅ ሙጫ አጠጣሁት። ከዚያም በፕላስቲክ ሸፍኜ ውስጡ ያለውን አየር በአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር አስመጠጥኩት። የመጀመሪያው ቀፎ ያልተተኮሰ መጋረጃ መስሎ ወጣ፤ ባለቤቴ መቅደስ ዛሬም ልብስ ትዘፈዝፍበታለች። ሁለተኛው ግን ተዋጣልኝ። ጎረቤታችን እትዬ ወለተ ማርያም ጥቁሩን ረጅም ነገር በአጥር አሻግረው አይተው፣ ማን ታሞብን እንዲህ አስቀድመን እንደተሰናዳን ሊጠይቁ ሙዝ ይዘው መጡ። ጄት ስኪ መሆኑን ባስረዳቸውም ሙዙን ለታማሚው ብለው ትተው ሄዱ።

ክቡር ሆይ፤ ቅሬታ ከማለት ምስጋና ማለትን የምመርጥባቸው ጉዳዮቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ. ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ደጃፋችን ላይ ያለው የቱቦ ክዳን ተሰብሮ ሰው እየገባበት መሆኑን ለጽሕፈት ቤትዎ ደጋግመን ስናመለክት ኖረናል፤ እስካሁን ሊያየው የመጣ የለም። ቀፎውን ግን ሞተር ወደሚገጠምለት ጋራዥ የሚወስደው መኪና እስኪደርስ አጥሩን ተደግፎ እንዲቆም አድርጌ ውሃ ልጠጣ ገባ ስል፣ «መተላለፊያ ዘግቷል» ብለው የሚወርሱት ሠራተኞችዎ ደረሱ። መንገድ ላይ ማቆሜ ጥፋት ነው፤ አልክድም፤ ቅጣቴንም ከፍያለሁ። የገረመኝ፣ ሠራተኞችዎ እኔ ዘንድ የመጡት ያንኑ ቱቦ ዘለው መሆኑ ነው።

፪ኛ. ስለ ሚዛናችሁ አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ቀፎውን መኪና ላይ ለመጫን ማሙሸትንና ጓደኞቹን ጠሩ። ማሙሸት በመርካቶ ስሙ የታወቀ ተሸካሚ ነው። ክቡርነትዎ ቢሮ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉና የተሸካሚ ተራውን ሕግ ልንገርዎ፤ ተሸካሚ ዋጋ የሚቆርጠው ዕቃውን ሳይነካ፣ በዓይኑ ብቻ ነው። ከነካው በኋላ ክርክር የለም። ስለዚህ ማንኛውም ብልህ ተሸካሚ ዕቃውን ይዞረዋል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም ክብደቱን ይጠራል። ያ የጠራው ቁጥር ክብደት አይደለም፤ የድርድር መክፈቻ ነው። ይህን በመርካቶ ትናንት ሱቅ የከፈተ ሰው እንኳ ያውቃል።

ማሙሸትም እንደ ወጉ ዞረው፣ ከንፈሩን መጠጠና «ይሄማ ሁለት ኩንታል ነው፤ ወገብ ይቆርጣል» አለ። ሠራተኛዎ ተደራደሩ እንጂ አልጻፉም ብል ደስ ባለኝ፤ እሳቸው ግን አልተደራደሩም፤ ጻፉት። «ጀልባ መሰል ጥቁር ዕቃ፣ ክብደቱ ሁለት ኩንታል» ብለው ፈረሙ፣ ማኅተምም አረፈበት። ከዚያ ማሙሸትና ሦስት ጓደኞቹ «በስመአብ» ብለው ወገባቸውን አጥብቀው ሲያነሱት ቀፎው በአጥሩ ላይ አልፎ እትዬ ወለተ ማርያም ግቢ ሊገባ ትንሽ ቀረው። ማሙሸት ግን አዋቂ ነው፤ ዋጋው ተቆርጧልና እስከ መኪናው ድረስ እያቃሰተ ሄደ። ጓደኞቹም አቃሰቱ። አንደኛው ሳቁን መያዝ ቢያቅተው ሳል አስመሰለው።

፫ኛ. ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። እትዬ ቦሰና እጃቸው የገባውን ዕቃ ሁሉ የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ቀፎውን ሚዛን ላይ ቢያወጡት የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ግማሽ ሆነ። ይህንኑ በታማኝነት ለበላያቸው አስታወቁ። መልሱ የምስክር ወረቀት ይሆናል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ የመጣላቸው ግን «የጎደለው ክብደት የት እንደገባ እስከ ዓርብ ያስረዱ፣ አለበለዚያ ከሥራ ይታገዳሉ» የሚል ደብዳቤ ነው። ሊያጣራ የመጣው ኮሚቴም ሞተሩ መጋዘን ውስጥ ተፈትቶ ወጥቷል ብሎ ደመደመ። ሞተሩ መጀመሪያውኑ እዚያ አልነበረም፤ አብነት ሰፈር መካኒኩ ጠይብ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ቀፎውን እየጠበቀ ነው። ይህንን ጠይብ ራሱ መጥቶ ሲናገር ኮሚቴው የተሰረቀው ዕቃ የት እንዳለ ስላወቀ ደስ አለው።

ክቡር ሆይ፤ የዚህ ዕቃ ሙያው ሁሉ መቅለሉ ነው። አልቅለል ካለ የደከምኩት ለምንድን ነው? እትዬ ቦሰናም ጡረታቸው ጥግ ደርሰው፣ በእድሜያቸው መርፌ ያልጎደለባቸው ሴት፣ ያልነበረ ብረት ሰረቁ ተብለው ቀና ብለው መሄድ አቅቷቸዋል። ትናንት መጋዘኑ በር ላይ ሳገኛቸው «ዘውገ ልጄ፣ ምናለ ትንሽ ብረት ብታደርግበት ኖሮ» አሉኝ። ከሰማሁት ሁሉ ያሳቀኝም ያሳዘነኝም ይህ ነው።

፬ኛ. ስለ መመሪያችሁ አመሰግናለሁ። ቅጣቴን ከፍዬ ዕቃዬን ስጠይቅ «የተያዘ ዕቃ በገባበት ክብደት ካልሆነ አይወጣም» ተባልኩ። የጎደለ ነገር የለም ብዬ በጽሑፍ ባረጋግጥ ደግሞ ባለንብረቱ በጉዳዩ ጥቅም ስላለው ምስክርነቱ አይታመንም ተባለ። የተሰረቀው ሰው አልተሰረቅሁም ሲል የማይታመንበት መሥሪያ ቤት በማግኘቴ ንብረቴ በአስተማማኝ እጅ እንዳለ ተረድቻለሁ።

እንግዲህ ነጋዴ ነኝና አቤቱታ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ማሙሸትን ፈልጌ አግኝቼ እውነቱን እንዲናገር ለመንኩት። አንገራገረ። የጠራውን ክብደት በአደባባይ ከቀነሰ ነገ ማን ያምነዋል? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አንገራግር ነበር። እትዬ ቦሰና ሊታገዱ መሆኑን ስነግረው ግን አንገቱን አከከና «እሳቸው እኮ ሁሌም ውሃ ያጠጡናል» አለ። ከዚያም እንደ ወጉ ዋጋውን ቆረጠ፤ ዋጋውም ብር አይደለም። ጄት ስኪው ሐይቅ ላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆምበት እሱ እንዲሆን ነው። «ስሜን ካረከሰው አይቀር ደህና አድርጎ ይሸከመኝ» አለኝ። ሳልከራከር ተስማማሁ፤ መዋኘት ይችል እንደሆነም እየጠየቅኩ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ማሙሸት በመጋዘናችሁ በር ላይ ቀፎውን ብቻውን በአንድ ትከሻው ያነሳዋል። አያቃስትም። ክቡርነትዎ ከነኮሚቴዎ ተገኝተው በዓይንዎ እንዲያዩልን፣ ለእትዬ ቦሰናም የተጻፈውን ደብዳቤ በሌላ ደብዳቤ እንዲያነሱላቸው በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

ለቢሮዎ ብርታትን፣ ለማኅተምዎ ዕረፍትን፣ ለደጃፋችን ቱቦ ክዳንን ከልቤ እየተመኘሁ፣ የማይናወጥ አክብሮቴን በጣቃ ጠቅልዬ አቀርባለሁ።

የእርስዎው ቀላል ዕቃ ሠሪ
ዘውገ ኬርጋ
ከመርካቶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መመሪያው የግድ ሁለት ኩንታል ይሙላ የሚል ከሆነም መላ አለኝ። ቀፎው ሰው እንዲሸከም የተሠራ ነውና እርስዎና ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሚዛኑ ላይ እንዳለ ውስጡ ብትቀመጡበት ጉድለቱ ይሞላል፤ እንደማይሰበር ዋስትና እሰጣለሁ። ሦስታችሁን ቢሮ ድረስ የሚመልስልኝም ማሙሸት ነው። ትናንት በቢሮዎ መስኮት አሻግሮ አያችሁ፣ ከንፈሩን መጠጠና ስድስት ኩንታል ናችሁ አለ። እኔ ብሆን እደራደር ነበር፤ እናንተ ግን ቃሉን ሳትደራደሩ ስለምትጽፉ በዚሁ መዝግቤያችኋለሁ።