ሩዝ ውስጥ የከረመው ስልክ

ጥር 4

ሦስት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ያየህ ላሚቱን አልቦ ጨርሷል። ግማሹ መሬት ላይ። የወንድ እጅ አልወደደችም፤ ትራገጣለች።

«ላሚቱ ጠየቀችሽ» አለኝ።

«ምን ብላ?»

«ዛሬም አልተነሣችም ወይ ብላ።»

 ባሌ ወሬ አያበዛም፤ ሲናገር ግን ከላሚቱ ጋር ሆኖ ነው።

የአምናው ሩዝ አንድ ማዳበሪያ ቀርቶ ነበር። ወደ መፈልፈያው ይሂድ ብዬ ስገለብጠው አንድ ነገር ጠብ አለ… ስልክ። የአለኸኝ ስልክ።

ረስቼው ነበር? የት እንደከተትሁት ነው የጠፋኝ። ሐምሌ 24 የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው፣ ልጄ የጎረቤት ጥጃ ላውጣ ብሎ ውኃው ውስጥ ገባ። ስልኩን ደረሰ ለሚባለው ጓደኛው ሰጠው። «ያዝልኝ፣ እንዳይረጥብ» አለው አሉ። ጥጃው ወጣ። እሱ አልወጣም። ደረሰ እየጮኸ ሲሮጥ ስልኩም ከእጁ አምልጦ ውኃ ውስጥ ወደቀ።

በለቅሶው መሀል አንዱ «የረጠበ ስልክ ሩዝ ውስጥ ክተቱት፣ ያደርቀዋል» አለ። በሩዝ የፎገራ ሰው ምን ይቸገራል? እጄን እስከ ክንዴ ማዳበሪያው ውስጥ ሰድጄ ቀበርሁት።

ስድስት ወር ሆነው። መድረቁንስ ደርቋል።

ይህን የምጽፈው ከትምህርት ቤት በተረፈ ደብተሩ ላይ ነው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍሁም። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። የሚያጣድፈኝ የለም።

ጥር 5

ቻርጅ ሰካሁበት። ምንም።

ጸሐይነሽ መጣች፣ የያየህ እኅት። የማታውቀው ነገር የለም።

«ፀሐይ ላይ አስጪው» አለች። አሰጣሁት።

«እፍ በይበት።» እፍ አልሁበት።

«ጀርባውን መታ መታ አድርጊው።» መታሁት።

«እንግዲህ የቀረው ጠበል ነው።»

«ያበላሸው እኮ ውኃ ነው!» አልኋት። ተያየን።

«ምን ያደርግልሻል አሁን ይሄ?» አለችኝ። አልነገርኋት። ለራሴ ልጻፈው… ድምፁን ነው የምፈልገው። መልኩ ዓይኔ ላይ አለ። ሲናገር ግን አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። ስልኩ ውስጥ ይኖር ይሆን?

ጥር 7

ወረታ ሄድሁ፣ ስልክ ጠጋኝ ዘንድ። ልጁ ስልኩን አገላብጦ አየው።

«ውኃ የገባበት ነው እናቴ?»

«አዎ። ግን ሩዝ ውስጥ ከትቼዋለሁ።»

«ስንት ቀን?»

«ስድስት ወር።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ስድስት ወር ከሆነስ ዘርተሽዋል፤ ማጨድ ነው የቀረሽ።»

መቼም የሰው ሐዘን ግንባር ላይ አይጻፍ። ጥቁር መልበሴን ግን ያያል።

መሰኪያው ይቀየራል፣ ከዚያ ፎርማት ይደረጋል አለኝ። ፎርማት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ልክ እንደ አዲስ ይሆንልሻል።»

«አዲስ ማን ፈለገ?» ብዬ ከእጁ ወስጄው ወጣሁ።

ባጃጅ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ። እርሺው፣ እንደ አዲስ ጀምሪ… ፎርማት።

ጥር 8

ዛሬ ጨርሶ አልተነሣሁም። ያ ጥጃ ግቢያችን ገብቶ የተሰጣውን ሩዝ በልቶ ሄደ። ያየህ «ምን ላድርገው?» አለኝ። ምን ያድርገው?

ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ሲያልፍ እልልታው እቤት ድረስ ተሰማ። ያየህ ሄደ። እኔ ከጠፋ ስልክ ጋር ተፋጥጬ ዋልሁ። «ስልክ ላይ ተደፍተህ ዋልህ፣ አንገትህ ይሰበር እንዴ?» እለው ነበር ልጄን። አሁን የተደፋው ማን ነው?

ጥር 13

ዛሬ ደጅ ቁጭ ብዬ የቻርጁን ቀዳዳ ወደ ፀሐይ አዞርሁት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ። የቻርጁ ጫፍ ሙሉ ለሙሉ አይገባም፤ ትንሽ ውጭ ይቀራል። ለምን? መርፌ አነሣሁ… ተውሁት። ብረት ውስጡን ቢቧጭረውስ? ለስፌት ካስቀመጥሁት ስንደዶ አንድ ቀጭን መዘዝሁ። ጫር አደረግሁት። ቀስ ብዬ ደግሞ ጫር።

ወጣ። የሩዝ ቅርፊት። ከዚያ ደቃቅ አቧራ። ከዚያ ሌላ ቅርፊት።

ለካ «ሩዝ ውስጥ ክተቱት» ያለው ሰው የተፈለፈለውን፣ ነጩን ማለቱ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሩዝ ማለት ከነልብሱ ነው። ውኃውስ ደርቆለት ነበር። ያነቀው ሩዙ ነው፣ ያድነዋል ያልነው።

ቻርጁን ሰካሁት። ገጭ ብሎ ገባ።

መብራት የለም።

ጥር 14

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ብዙ ቆይቶ ቀይ የባትሪ ምልክት ታየ… ከዚያ በራ። ያየህን ጠራሁት። ሁለታችንም ቆመን አየነው። 

መክፈቻውን አውቀዋለሁ። በጣት ሀን መጻፍ ነው፤ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ «ጣለው ያንን ስልክ» እያልሁ።

ስልኩ ቀኑን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። እንደ እሱ ከሆነ አለኸኝ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

«አታስተካክይው» አለ ያየህ። ወጥቶ ሄደ።

ጥር 16

ስልኩ «ቦታ ሞልቷል፣ የማያስፈልግዎትን ያጥፉ» ይለኛል። በእርስዎ ነው የሚያናግረኝ። ከጸሐይነሽ ይሻላል። እሷ ፎቶዎቹን አይታ «አንድን በሬ አርባ ጊዜ ማየት ምን ይሠራልሻል? አጥፊው!» አለችኝ።

አላጠፋሁም። በሬው ሲግጥ፣ በሬው ሲተኛ፣ የበሬው ጆሮ ብቻ… ሁሉም ይቀመጥ።

ቪዲዮ ብዙ አለ፤ ባትሪው እንዳያልቅ ጥቂት ጥቂት አይቼ ስልኩን አጠፋዋለሁ። ግን ሁሌም ቀራጩ እሱ ነው። እሱ ዝም፣ ሌላው ያወራል። የስልኩ ድምፅም ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። አየሁት፤ ድምፅ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በሩዝ አቧራ ተደፍነዋል። ስልኩን አጥፍቼ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁት። ድምፁ ጥርት አለ።

አሁን በሬው ሲያመሰኳ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ጥር 19

ጸሐይነሽ የራሷን ስልክ ይዛ መጣች። ሁለት ሳምንት ማንም አልደወለልኝም ብላ ልጆቿን ተቀይማለች። አየሁት። የአውሮፕላን ምልክት በርቷል። ነካሁት፣ ጠፋ። ወዲያው ጠራ፤ ልጇ ነበረች። ልጅቱን ሰላም ሳትል «አጎትሽ ቤት ጠጋኝ አለ» አለቻት።

ጥር 22

ፎቶውንም ቪዲዮውንም ሁሉ ከፈትሁ። የሚከፈተው ሁሉ ተከፈተ። ድምፁ የለም። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመት ሲያወራ ኖሮ አንድ ቃል ለራሱ አልቀረጸም?

ከነገ ወዲያ የስድስት ወሩ መታሰቢያ ነው። ስልኩን አጥፍቼ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ጠላውን ላጥልል።

ጥር 25

በተርታ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

ትናንት ጠዋት ጸሐይነሽ «የሚሰቀል ፎቶ ከሌላችሁ ስልኩ ላይ ያለውን አውጥተሽ ዳቦው አጠገብ አቁሚው» አለች። እሺ ብዬ ከፈትሁት። ሰዓቱ ዝብርቅርቅ ያለ ነው፤ እንግዳ ሲያየው ያሳፍራል ብዬ አስተካከልሁት። የግድግዳችን ሰዓት ሦስት ይላል። እኔም ሦስት ብዬ ሞላሁት። ቀኑን አልነካሁም።

አባ ኪዳነ ማርያም ጸሎቱን አደረሱ። ሰው በላ፣ ጠጣ። አባ ሌሊቱን በማኅሌት አድረው ነበርና መቋሚያቸውን ተደግፈው ማንቀላፋት ጀመሩ። ደረሰም መጥቷል። ከቀብሩ ወዲህ ቤቴ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። በር አጠገብ ተቀምጦ ቀና አይልም። እኔም አላናገርሁትም… የልጄን የመጨረሻ ቃል የሰማው እሱ ነው። ቀንቼበት ይሆን?

ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ከዳቦው አጠገብ ሴት ጮኸች።

«አለኸኝ! አንተ አለኸኝ! ተነሥ! ፀሐይ ወጥታ ልትጠልቅ ነው! እንደ ሬሳ ትጋደማለህ? ተነሥ ብዬሃለሁ!»

የኔ ድምፅ ነው።

አባ ብድግ አሉ። ጸሐይነሽ ስታማትብ ጠላዋ ተደፋ።  እንደ ሬሳ… በመታሰቢያው ቀን፣ በካህን ፊት፣ በገዛ አፌ።

ያልደነገጠው ደረሰ ብቻ ነው። ሮጦ ስልኩን አነሣው።

«አይደንግጡ እትዬ ሰገን፣ ማንቂያው ነው። እርስዎን ቀርጾ ነው ማንቂያ ያደረገው። ማሳ ጥበቃ ስናድር በሌላ አልነቃም ይል ነበር።»

ሊያጠፋው ጣቱን ሲያቀርብ «ተወው!» አልሁ። ለምን እንዳልሁ አላውቅም።

ጩኸቴ አለቀ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ከብርድ ልብስ ሥር የታፈነ ሳቅ… ከዚያ፣

«እሺ እማዬ… ተነሣሁ።»

 አባ አሁንም ቆመዋል። ለምን እንደቆሙ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«እሱስ ይነሣል ልጄ» አሉ። «ሰዓቱን ነው የማናውቀው።» ብለው ተቀመጡ።

ደረሰ ስልኩን እያየ፣ «ሰዓቱንስ እትዬ ሰገን ናቸው ያሳሳቱት» አለ ቀስ ብሎ። «ማንቂያው በፈረንጅ አምስት ላይ ነው የተሞላው፤ በኛ ንጋት አሥራ አንድ መሆኑ ነው። እርስዎ ስልኩን በሀገር ሰዓት ሞሉት።»

ሳቅሁ። አፌን በነጠላዬ ያዝሁ፣ እምቢ አለኝ። ያየህ ሳቀ። አባም ሳቁ። ሳቁ የት ጋ አልቆ ለቅሶው የት ጋ እንደጀመረ አላውቅም።

ነቅቶ ነበር ማለት ነው። እኔ ተኝቷል ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮኽ፣ እሱ ነቅቶ እየቀረጸኝ ነበር። ሬሳ ስለው እየሳቀ ነበር።

ሰው ሲበተን ደረሰ በሩ ላይ ቆመ። «ስልኩን እኔ ነኝ የጣልሁት፣ እትዬ» አለ።

«ያበላሸው ሩዝ ነው፣ አንተ አይደለህም» አልሁት። ጉንጩን ሳምሁት። ቆሞ አለቀሰ።

ጥር 26

ደረሰ ተመልሶ መጣ። ሰዓቱን አቃናው። ድምፁን ወደ ራሱ ስልክ፣ ወደ ጸሐይነሽም ስልክ አሳለፈው፤ «አንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፣ ስልክ አይታመንም» ብሎ። ቀኑንም ላስተካክለው ሲል ያየህ ከውጭ «ቀኑን ተወው!» አለ። እኔ የማይሰማ መስሎኝ ነበር።

የካቲት 3

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት። ጮኽሁ።

ገና ጨለማ ነው። እኔ ደግሞ ፀሐይ ወጥታ ልትጠልቅ ነው እላለሁ። ስንት ዓመት እንደዋሸሁት!

ያየህ ብርድ ልብሱን ራሱ ላይ ሳበና «እኔን ነው የምትይው?» አለ።

እውነቱን ነው። ተነሥ ነው እንጂ ተነሺ አይልም። ለእኔ የሚሆን ቃል የለበትም። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ዝምታው፣ ሳቁ… «እሺ እማዬ… ተነሣሁ።»

እኔም ተነሣሁ።

ላሚቱ ዞራ አየችኝ። ምንም አልጠየቀችም። አልተራገጠችምም።