በክንድህ የተለካ ሥራ

ለቀቅሁት፣ ይርጌ! ዛሬ ጠዋት የመልቀቂያ ደብዳቤዬን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ሆቴል ለቀቅሁ። መስከረም ሲያልቅ የኔም ሥራ ያልቃል።

እንግዲህ ሰላምታውን አሁን ልበልህ፤ አፌ ቀድሞኝ ነው፣ ታውቀኛለህ። እንዴት አለህልኝ፣ የኔ ጌታ? ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ትዕግሥትም ደህና ናት፤ ኮሌጅ ውስጥ ሬጅስትራር ቢሮ ተቀጥራለች፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሳትቆጣ አትነሣም። በራፋችን ድረስ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ በየክረምቱ ድንጋይ እየደረደርህ የምትሻገረው ጭቃ የለም። ማንጎው አንድ ዓመት ያፈራል፣ አንድ ዓመት ያኮርፋል። የፊት ለፊቷ ክፍል፣ ስፌት ቤትህ፣ እስካለፈው ግንቦት ድረስ ተቆልፋ ነበር። አከራያት ቢሉኝ እንቢ አልሁ፣ ግቢና ጥረጊያት ቢሉኝም እንቢ አልሁ። ለምን እንደሆነ እንዳትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቅም።

እውነቱን ልንገርህ፤ እነዚህን ዓመታት እንዴት እንዳሳለፍኋቸው አላውቅም። አዘንሁ ማለት እንኳ አልችልም። አርባህ በወጣ ማግስት ሰርቪስ ላይ ተሳፍሬ ሥራ ገባሁ፣ ከዚያ ወዲያ ያው ነው። አንሶላ እቆጥራለሁ፣ የአልጋውን ማዕዘን በመዳፌ እየዳሰስሁ የማዛቸው ልጆች በደንብ አጥፈውት እንደሆነ አያለሁ። ፎጣ በወፍ ቅርጽ አጥፎ አልጋ ላይ ማስቀመጥን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ቱሪስቱ ከቀነሰ ወዲህ የሚመጣው የስብሰባና የሥልጠና እንግዳ ነው፤ እሱም ገብቶ የፎጣዋን ወፍ ፎቶ ያነሣል። መጋረጃውን ቢገልጠው እኮ እውነተኞቹ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፈዋል። አንድ ቀን የእንፋሎት ካውያው እጄን አቃጠለኝ። የጮኸችው አጠገቤ የነበረችው ልጅ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እኔን የደረሰኝ ሽታው ነው፤ ሕመሙ የት እንደቀረ እንጃ።

ደመወዙ ግን ጥሩ ነው፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ላላለፈች ሴት እንዲህ የሚከፍል ማን አለ? ሰርቪስ አለው፣ ምሳ አለው፣ ሕክምና አለው፤ አንተንም ያሳከምንህ በሱ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጥላ የምትሰፋውን የከፋይ ጨርቅም ሆነ የወርቅ ክሩን በኔ ደመወዝ ገዝተህ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ ሲመቻቸው ይከፍሉህ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ዛሬ ምን ጎደላት ብሎ ቢያማኝ አልፈርድበትም። እንዴት እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ላጫውትህ።

ግንቦት ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችን ተንኳኳ። አባ ኪዳነ ናቸው፣ ሴት የማትረግጠው ደሴት ላይ ያሉት መነኩሴ ደንበኛህ። በጀልባ ተሻግረው፣ ከዳር በእግራቸው እኛ ሰፈር ሹም አቦ ድረስ መጥተው፣ ይርጋ አለ ወይ አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ አልሰሙም። እኔ አፌ የማያርፈው ሴት የለም ብቻ አልሁ። መቼ ይመለሳል አሉኝ። በጣቴ የዛገውን ቁልፍ ሳሳያቸው ገባቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ የተቆለፈችው ክፍልህ በር ላይ ቆመው ጸሎት አደረሱልህ።

የመጡት ለትልቁ ጥላ ነበር፤ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋው፣ አንተ የሰፋህላቸው። ከፋዩን አይጥ በልቶታል። የሚወጠርበት ሽቦ ደህና ቢሆንም ከዕቃ ቤት አይወጣምና ልክ የሚወሰድበት የለም። ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ ብለው ሊሄዱ ሲነሡ፣ እኔ እሠራዋለሁ አልሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ግን ጥልፉን የምጠልፍልህ፣ ዘርፉን ዙሪያውን የምሰፋልህ እኔ አልነበርሁ? ልኩን ለክቶ መቁረጥ ብቻ ነው ያንተ የነበረው፤ ልኩም በደብተርህ አለ።

በሩን ከፈትሁ፣ መኪናውን ዘይት ቀባሁ፣ ደብተርህን አወጣሁ። የደሴቱ ትልቁ ጥላ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ክንድ ከአራት ጣት ይላል። ሜትሩ አንገትህ ላይ ተንጠልጥሎ እየዋለ ለቤተ ክርስቲያን ዕቃ አትነካውም ነበር፤ ዱርቤቴ ሳለህ ስፌት ያስተማሩህ አጎትህ እንዲያ ስላስለመዱህ። እኔም እንዳንተው ክንዴን ከፋዩ ላይ ዘርግቼ ለካሁ፣ ቆረጥሁ። ስድስት እሑድ ፈጀብኝ። ሰኔ ላይ ጀልባው ድረስ ወስጄ አስረከብሁ። ከዚያ ወዲያ መሻገር የለምና፣ ውሃው ዳር ቆሜ በነጠላ እንደተጠቀለለ ሲሄድ አየሁት።

በሁለተኛው ሳምንት አባ ይዘውት ተመለሱ። «ልጄ፣ ጥላሽ ሕፃን ሆነብን፤ ያድግ እንደሆን ብለን ሳምንት ጠበቅነው» አሉኝ። ከሽቦው ጫፍ ወደ ግማሽ ስንዝር አጥሯል። አይክፋሽ፣ ሽቦውን በገመድ ለክቼ እልክልሻለሁ ብለው ሄዱ። እኔ ግን አልከፋኝም። ከፋዩን አጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁ፣ በማግስቱ ሰርቪስ ጠበቅሁ። በልቤ ያልሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሰፊው እሱ ነበር፣ አንቺ የአንሶላ ሰው ነሽ።

ሐምሌ ሲገባ ወጣቱ ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶኝ የአምስቱንም ፎቅ ኃላፊነት ልስጥሽ፣ ደመወዝሽም ይጨመራል፣ እስከ አዲስ ዓመት አስቢበት አለኝ። ምን ይታሰባል? ልፈርም ወስኜ ነበር። ትዕግሥት ሰምታ ደስ አላት። ስፌቱንም በትርፍ ጊዜሽ ትነካኪዋለሽ አለችኝ፤ እሺ አልኋት። በዚያን ሰሞን ለሁሉም እሺ ነበር የምለው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ቤት ውስጥ አስቀርቶን፣ ትዕግሥት ሳጥን ስታገላብጥ ቡኒ ኮትህን አውጥታ ለበሰችው። እጅጌው ልክ አንጓዋ ላይ አረፈ። በስፌት ጠረጴዛው ተፍቆ የሳሳው የክርንህ ቦታም የሷ ክርን ላይ ዋለ። እኔ ስለብሰው እኮ እጄ ይጠፋል፤ ስትስቅብኝ አልነበር? ቁጭ ባልሁበት ቀረሁ። በማን ክንድ ነው ከፋዩን የለካሁት? ደብተሩ ላይ ያለው ክንድ ያንተ ነው። የሠላሳ ቤተ ክርስቲያን ልክ ጽፈህ ሄደሃል፣ መለኪያውን ግን ይዘኸው ሄደሃል።

ልጅቱን ጎትቼ ስፌት ቤት አስገባኋት፣ ክንድሽን ካልተቆረጠው ከፋይ ላይ ዘርጊ አልኋት። ምን ነካሽ እማ እያለች ዘረጋች። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አራት ጣቷን። በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በሳምንቱ የአባ ገመድ ደረሰኝ። አንዱን ጫፍ ይዤ ስዘረጋው ሌላው ጫፍ ጠመኔው ላይ አረፈ። የልጅህ ክንድ ያንተው ክንድ ነው፣ ይርጌ። ደብተሩ ሁሉ ይሠራል።

አለቀስሁ ብልህ እዋሽሃለሁ። ራበኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ከድስቱ ላይ ቆሜ በላሁ፤ ሽሮው ጨው እንደበዛበት እንኳ አወቅሁ። ምግብ ጨው በዛ አነሰ ብዬ አላውቅም ነበር፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ። ትዕግሥት አየት አድርጋኝ ውሃ ሰጠችኝ።

ሥራውን ለመልቀቅ ማሰቤን ስነግራት ግን ተጣላን። ሰው እንዲህ ያለ እንጀራ ይለቃል ወይ፣ ስታረጂ ማን ያሳክምሻል፣ ብዙ አለች፤ ሁሉም እውነት ነው። ውስጤ የቀረው አንድ ጥያቄዋ ነው። «እማ፣ ይህ ሥራ ያንቺ ነው፣ ወይስ የአባዬን ቦታ እየጠበቅሽለት ነው?» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ይዤው ፎቅ ለፎቅ ዞርሁ።

ሁለተኛውን ጥላ ስሰፋ ዘርፉ ጋ ደረስሁ። አንተ ሁልጊዜ ቀይ መስመር ታደርግበት በነበረው ቦታ እጄ አረንጓዴ ክር አነሣ። ታንኳ የሚሠራበትን የሐይቁን ደንገል ጠለፍሁበት፣ ነፋስ እንዳዘነበለው ሆኖ፣ ዙሪያውን። አላማከርሁህም። ብትኖር ይህ ደግሞ ምንድን ነው ትል ነበር፤ በል እንግዲህ። አንዷ ደንገል አልሆንልሽ ብላኝ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሦስት ጊዜ ጠለፍኋት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ማንም ሳያይልኝ። በዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ አንሶላ እንኳ ስለወደድሁት ደግሜ አጥፌ አላውቅም። ለትዕግሥት ያንን ነገርኋት። ዘርፉን አገላብጣ አየችው፣ ከዚያ ደንገሉ ያንቺ ብቻ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልተጣላንም፤ እሑድ እሑድ ክንዷን ልታውሰኝ ቃል ገብታለች፣ እያጉረመረመችም ቢሆን።

ጥላው ነሐሴ ላይ ተሻገረ፣ ልክም ሆነ። አባ ከዳር በሰው ስልክ ደውለው መነኮሳቱ ደንገሉን እየዳሰሱ የኛው ዳርቻ ነው ማለታቸውን ነገሩኝ። እኔ ተዘርግቶ አላየሁትም፣ መቼም አላየውም። ይህም አልከፋኝም፤ ግን እንደ ሰኔው ዓይነት አለመከፋት አይደለም።

ፈርቻለሁ፣ አልደብቅህም። እስካሁን ያለኝ ትእዛዝ ከደቅ ደሴት አንድ፣ ከዱርቤቴ አንድ ነው። ደስታውም ቢሆን ገና መላ ሰውነቴን አላዳረሰም፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወጋጋው ያለ ነገር ነው። ሰዎች ሲስቁ እስቃለሁ፣ ከዚያ እሱ የኔ ሳቅ መሆኑን ቆይቼ አውቃለሁ። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብቦ የትኛው ሆቴል ወሰደሽ አለኝ። ስፌት ቤት እከፍታለሁ ስለው ሳቀ፤ አለመሳቄን ሲያይ ወንበር ሳበልኝ። እኔ ግን አልተቀመጥሁም።

አልረሳህም፣ ይርጌ። በየቀኑ አስብሃለሁ ብዬ አልምልልህም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሳላስብህ የዋልሁባቸው ብዙ ቀናት አሉ፣ ምንም ሳላስብ የዋልሁባቸው። አሁን ግን ከፋይ በዘረጋሁ ቁጥር የግድ ነው፤ ደብተርህን ሳልገልጥ መቀስ አላነሣም። ዓይኔ እስካየ፣ እጄ መርፌ እስከያዘ ድረስ እንዲያ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ይህ ደብዳቤ ለሱ ቢጻፍም የምታነቡት እናንተ ናችሁና ስሙኝ። የዱርቤቴ ዘመዶቹ፣ የሆቴሉ ልጆች በፈረቃም ቢሆን፣ ጎረቤት፣ የሚያማኝም ጭምር፣ ሁላችሁም ኑ፤ አባ ኪዳነም ከደሴቱ ይሻገራሉ። ስፌት ቤታችን ይከፈታል። ዕለቱ ረቡዕ ላይ ስለዋለ ድግሱ የጾም ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ውጭ ጨርሳችሁ ግቡ። እንዳትቀሩ፤ ጥቅምት አምስት፣ የአቦ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ።